«ቲቸር፣ ታዳያለሽ!»

የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች አስተምራለሁ። በቀን ስንት ጊዜ «ቲቸር፣ ታዳያለሽ!» እንደምባል በዚህ ዕድሜ ያሉትን ያስተማረ ያውቀዋል። ስለዚህ «ፍትሕ ለሕፃናት ይከብዳል» ሲባል አልስማማም። ቃሉን አያውቁት ይሆናል እንጂ ነገሩንማ ጠንቅቀው ያውቁታል፤ በተለይ የተበደሉት ራሳቸው ሲሆኑ።

ችግሩም እሱ ነው። ብሌክና ማክኦሊፍ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ልጆችን ሁለት ሁለት አድርገው ከረሜላ ያቀርቡላቸዋል፤ አንደኛው ክፍፍሉን ይቀበላል ወይም እምቢ ይላል፣ እምቢ ካለ ሁለቱም ምንም አያገኙም። የአራት ዓመት ልጆች የራሳቸው ሲያንስ እምቢ አሉ። የራሳቸው ሲበልጥ ግን ዝም ብለው ተቀበሉ። ሲበልጥላቸውም እምቢ ማለት የታየው ስምንት ዓመት ገደማ በሆኑት ላይ ነው። የኔ ተማሪዎች መሃል ላይ ናቸው።

ክፍሌ ውስጥ አንድ ሕግ ነበረኝ፤ ጽሑፉን ቀድሞ የጨረሰ ቀድሞ ወጥቶ ኳሱን ይወስዳል። አንድ ቀን አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ ግድግዳው ጥግ ወደተቀመጠው ልጅ እያየች «ቲቸር፣ እሱ ግን ኳስ ደርሶት አያውቅም» አለችኝ። «ቶሎ ይጻፋ!» አለ ሌላው። እረፍት ደርሶ ነበር፣ ደክሞኝም ነበር፣ ላልፈው ምንም አልቀረኝም። ግን «ለምን የሚዘገይ ይመስላችኋል?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ሰነፍ ስለሆነ።»

«በምን አወቅክ?»

ዝም አለ። ልጁን አስፈቅደን ሲጽፍ ማየት ጀመርን። ግራኝ ነው። በግራው የተቀመጠችው ልጅ ደግሞ በቀኟ ትጽፋለች። አንድ ፊደል በጻፈ ቁጥር ክርናቸው ይጋጫል፣ እርሳሱ ይንሸራተታል፣ ያጠፋል፣ እንደገና ይጀምራል። ላጲሱ ከማለቁ ብዛት ጥፍር አክሏል። እዚያው ቦታ ተቀያየሩ። ያ «ሰነፍ» ያለው ልጅ ትንሽ አሰብ አደረገና «ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» አለኝ። የኔ ነው አልኩት፣ እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ይህን ጮክ ብሎ ለልጆች መናገር ይከብዳል፤ ግን እኔ ካላልኩት «በምን አወቅክ?» የሚለው ጥያቄ ለእነሱ ብቻ የተሰጠ ቅጣት ይሆናል።

አንዳንድ ወላጆች እንዲህ መጠየቅ የለመደ ልጅ አፈኛ እንዳይሆንባቸው ይሰጋሉ። ይገባኛል። በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 የልጁ ሐሳብ እንደ ዕድሜውና ብስለቱ ክብደት ይሰጠው ነው የሚለው፤ ያለው ሁሉ ይደረግለት አይልም። እጅ መታጠብ ላይ ድምፅ አንሰጥም። ለምን እንደምንታጠብ ግን ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ፣ «ስላልኩህ ነው» አልልም።

አሁን ኳሱ በተራ ነው፣ ዝርዝሩን ያወጡት እነሱ ናቸው። ትናንት ደግሞ አዲስ ክርክር ተነሳ። ታሞ የቀረ ልጅ ተራው ይቆየው ወይስ አለፈው? ግማሹ «አለፈው» ይላል፣ ያቺ መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ልጅ ደግሞ «ታሞ እኮ ነው!» ብላ ልታለቅስ ደርሳ ነበር። ገና አልወሰንንም፤ ልጁ ራሱ ነገ ስለሚመጣ እንጠብቀው ተባብለናል።