የመቃብር ድንጋዩን አትፈትጉት

እንግሊዝ አገር የገጠር ቤተክርስቲያን ቅጥር ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ድንጋዩ ላይ በበቀለው ነገር ላይ ነው። ብርቱካናማው፣ ግራጫው፣ ነጩ፣ ጥቁሩ ጎን ለጎን ተለጥፏል። ላይከን ነው፣ የድንጋይ ሽበት። ብዙ ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል። እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ።

ላይከን ብቻውን የሚኖር ፍጥረት አይደለም። ፈንገስና አልጌ የሚባል ደቃቅ አረንጓዴ ፍጥረት ተጋግዘው የሚኖሩበት ነው። ፈንገሱ መጠለያ ይሆናል፤ አልጌው ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል። ሥር የለውም፤ ከዝናብና ከአየር ያገኘው ይበቃዋል። አየሩ ሲበከል ቶሎ የሚሞተውም ለዚህ ነው። በፓሪስ ከተማ በሉክሰምበርግ መናፈሻ ያለው ላይከን በሌላው የከተማዋ ክፍል እንደጠፋ የላይከን ተመራማሪው ዊሊያም ኒላንደር የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1866 ነበር።

መቃብር ለምን ተመቸው? በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ገላጣ አለት ማግኘት ከባድ ነው። ለመቃብር ግን ከየአቅጣጫው ድንጋይ መጣ፦ የኖራ ድንጋይ፣ አሸዋማ ድንጋይ፣ ግራናይት፣ እብነ በረድ። ኖራ የሚወደው ላይከን ግራናይት ላይ አይታይም። በአንድ ድንጋይ ላይ እንኳ ወፍ የሚያርፍበት ጫፍ በኩሱ ብርቱካናማ ሲሆን፣ ፀሐይ የማያገኘው የሰሜኑ ጎን ሌላ ዓይነት ይይዛል። በብሪታንያ ከሚታወቁት 2000 ገደማ ዝርያዎች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት በቤተክርስቲያን ቅጥሮች ተገኝተዋል። አንዱ ቅጥር ብቻውን ከ100 በላይ ሊይዝ ይችላል።

በማጉያ መነጽር ጠጋ ብዬ ሳይ ብርቱካናማው ላይ ጥቃቅን ክብ ሳህኖች አሉ። ፈንገሱ የሚራባባቸው ናቸው። ዝናብ ሲነካው ደግሞ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ ልባሱ ሲረጥብ ከሥር ያለው አልጌ ብቅ ይላል።

ዕድገቱ አዝጋሚ ነው። ብዙዎቹ በዓመት አንድ ሚሊሜትር ቢሰፉ ነው። የእጽዋት ተመራማሪው ሮላንድ ቤሼል እ.ኤ.አ. በ1950 የበረዶ ግግር ትቶት የሄደውን ድንጋይ ዕድሜ በላይከን ስፋት የመገመትን ዘዴ አስተዋወቀ። የዕድገቱን ፍጥነት ለማወቅ ተመራማሪዎች ዓመቱ ወደተቀረጸበት መቃብር ይሄዳሉ። ቀኑ ተጽፎላቸው ይጠብቃቸዋል!

የሚያሳዝነኝ ሰዎች የሽቦ ብሩሽና በረኪና ይዘው ሲመጡ ነው። ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል፤ እኛም አገር የወላጅን መቃብር ማጽዳት ክብር ነው። ግን አያት ቅድመ አያት ሳይወለዱ የጀመረ ነገር በአንድ ከሰዓት ይጠፋል። ብሩሹ ደግሞ ላይከኑን ብቻ አይወስድም፤ የድንጋዩን ፊት ከነፊደሉ ይልጠዋል።

ስሙን ማንበብ ከፈለጋችሁ መሸት ሲል ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። ብርሃኑን ከጎን አጋድማችሁ አብሩበት። የፊደሎቹ ጎድጓዳ ጥላ ይይዝና ጽሑፉ ይነበባል።