የቦስተን ላይት ሞዴሌ ምቱን ያዘ

ሰላም ወገኖች። የምሠራው የቦስተን ላይት (በአሜሪካ የቦስተን ወደብ የመርከብ መብራት ማማ) ሞዴል በዚህ ሳምንት ትክክለኛ ምቱን ያዘ። በየ10 ሰከንዱ አንድ ብልጭታ! ደስታዬን ለእናንተ ካላካፈልኩ ለማን ላካፍል?

ማማው ብዙ አላስቸገረኝም። እውነተኛው 27 ሜትር ገደማ ስለሆነ በ1 ለ30 ልኬት 90 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ያሳሰበኝ የትኛውን ዘመን ልሥራ የሚለው ነበር። በወደቡ መግቢያ፣ ሊትል ብሩስተር ደሴት ላይ የመጀመሪያው ማማ የበራው በ1716 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ዛሬ አሜሪካ በምንለው ምድር ከእሱ በፊት የመርከብ መብራት ማማ አልነበረም። በሐምሌ 1775 የአሜሪካ አማፅያን እንግሊዞች እንዳይጠቀሙበት ሁለት ጊዜ አቃጠሉት። በ1776 ደግሞ እንግሊዞች ለቀው ሲወጡ በባሩድ አፈረሱት። አሁን የቆመው የ1783ቱ ግንብ ነው። በ1859 ቁመት ተጨመረለት፣ ባለ 12 ፊት የፍሬኔል ሌንስም (ብርሃኑን በመስታወት ቀለበቶች ሰብስቦ ሩቅ የሚልክ ሌንስ) ገባለት። እኔ የመረጥኩት ይህን መልኩን ነው። ኮላ ከመንካታችሁ በፊት ዓመቱን ወስኑ።

አሁን ወደ ሌንሱ። ብዙ ሞዴል ሠሪዎች ብልጭ ድርግም የሚል ኤል ኢ ዲ ያስገባሉ። በፍጹም አልስማማም! የቦስተን ላይት አምፖል ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም። የሚዞረው ሌንሱ ነው። 12 የብርሃን ዘንጎች እንደ ጃንጥላ ሽቦ ተዘርግተው ቀስ ብለው ይሽከረከራሉ፤ አንዱ ዘንግ በመርከበኛው ዓይን ላይ ሲያልፍ ብልጭታ ይሆንለታል። በ10 ሰከንድ አንድ ፊት ካለፈ ሙሉ ዙሩ 2 ደቂቃ ነው። ድሮ ሌንሱን የሚያዞረው በክብደት የሚሠራ የሰዓት መሣሪያ ነበር፤ ጠባቂዎቹም በእጃቸው ይሞሉት ነበር። ኤሌክትሪክ የገባው በ1948 ነው።

የእኔን የሚያዞረው የማይክሮዌቭ ሳህን ሞተር ነው። እዚህ አሜሪካ በደቂቃ 6 ጊዜ ይዞራል። ባለ 10 ጥርስ ጎማ ባለ 120 ጥርሱን ሲነዳ ልክ 2 ደቂቃ ይመጣል። ሞተሩ በግድግዳ ኤሌክትሪክ ሊሠራ ስለሚችል የማታውቁ አትንኩት፤ ባለ 12 ቮልት ዝግተኛ ሞተር ግዙ።

ያንገበገበኝ የጥርሶቹ ክፍተት ነው። ሌንሱ ቆም ይልና ይዘላል፤ አንዱ ብልጭታ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ይመጣል። ስንት ቅባት ቀባሁ! ቅባት ያባብሰዋል እንጂ አይረዳም። መፍትሔው በተቃራኒው ትንሽ መያዝ ነበር። ከሌንሱ ሥር ቀጭን የሱፍ ጨርቅ ሳደርግ እየተፋተገ ዝላዩን አስቀረው።

ለ12ቱ ፊቶች አንድ ጎናቸው ጠፍጣፋ የሆነ ትንንሽ የፕላስቲክ ሌንሶች ተጠቅሜያለሁ። የትኩረት ርቀታቸው (ብርሃንን ነጥብ ላይ የሚሰበስቡበት ርቀት) ከመሐል አምፖሉ ካላቸው ርቀት ጋር እኩል ይሁን፤ የእኔ 2.3 ሴንቲ ሜትር ነው። አምፖሉም ነጥብ ያህል ይነስ። የእውነተኛው ሌንስ 336 ፕሪዝሞች (ብርሃን የሚያጥፉ የመስታወት ቁራጮች) ግን የሉኝም፤ የምሠራቸውም አይመስለኝም። ጠርዝ ላይ ቀለበቶቹን በመርፌ ለመጫር እያሰብኩ ነው። አክሪሊክ በሚባለው ፕላስቲክ ላይ የሞከረ ካለ፣ መርፌውን አሙቃችሁ ነው ወይስ በቀዝቃዛው?