ከሐዋሳ ዲላ በብስክሌት፦ በሦስተኛው ተሳካ

ዲላ ሳልደርስ አልጽፍም ብዬ ነበር። ይኸው ደረስኩ፤ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመልሼ ነው ታዲያ።

መንገዱን ለማታውቁት፣ ወደ 90 ኪሎ ሜትር የሚሆን አስፋልት ነው። ዲላ ከሐዋሳ ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ናት። እኔም ይህን አይቼ "በቃ ቁልቁለት ነው" አልኩ። ሞኝነት! ከቱላ በኋላ መንገዱ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። ሐዋሳ ሜዳ ላይ ስፈነጭ ብስክሌት የቻልኩ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን በአንድ ሻይና በአንድ ቦምቦሊኖ ወጣሁ። አፖስቶ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ፍሬን መጨበጥ እንኳ አቃተኝ። እግሬ አልደከመም፣ ሆዴ ነው ባዶ የሆነው። ብስክሌቷን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ተመለስኩ። ረዳቱ ለእሷም ሂሳብ ተቀበለኝ።

በሁለተኛው "ሆድ ይቅደም" ብዬ ከአፖስቶ ወደ ግራ ታጥፌ ይርጋለም ገባሁ። ይርጋለም ሐዋሳ ሳትኖር የሲዳሞ ዋና ከተማ ነበረች። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን እስኪይዛት ድረስ ራስ ደስታ ዳምጠው ከዚያ ሆነው ተዋግተዋል። ዛሬ ዛፍ የበዛባት፣ ጸጥ ያለች ከተማ ናት። እዚያ ቡርሳሜ አዘዝኩ። በሻፌታ፣ በሸክላው ሳህን ማለት ነው፣ ትኩስ ቆጮ ቅቤ ጠጥቶ ይቀርባል፤ ጎኑ እርጎ። ጠርዙ ላይ የቀረውን ቅቤ እንኳ በቆጮው ጠረግኩት። ከዚያ ጥላ ስር ጋደም አልኩ፤ ስነቃ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ዲላ ቀረ።

ስለዚህ በሦስተኛው መንገዱን ለሁለት ቀን ከፈልኩት። ቡርሳሜውን ለራት አደረግኩት፣ ይርጋለም አደርኩ። ጠዋት ሙዝ ብቻ፣ ከዚያም በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ መቅመስ። ወሩ ኅዳር ስለነበር በየመንገዱ ዳር ቡና አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ ሽታው ሳይቀር አብሮኝ ይሄድ ነበር።

ጩኮ ላይ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ጎሚስታው ካላማዳሪውን ነፍቶ ሳፋ ውሃ ውስጥ ነከረው። አረፋው ከሁለት ቦታ ወጣ።

"ይቺኛዋ የቆየች ናት። ጠዋት ጠዋት እየነፋህ ነው አይደል የምትነዳው?" አለኝ።

አዎ፣ አንድ ወር ሙሉ። ሁለቱንም ለጠፈና የውጩን ጎማ በውስጥ በኩል በጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰው። የጥፍር ቁራጭ የምታክል ሽቦ ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። እኔ ሳልዳስስ ካላማዳሪ እየቀየርኩ ስንቴ ገንዘቤን እንደጣልኩ ያኔ ገባኝ። እናንተም ዳስሱ።

ዲላ ስምንት ሰዓት ላይ ገባሁ። ሰሞኑን ደግሞ ትንሽ አለፍ ብዬ ወናጎ ልሄድ ነው። ጌዴኦዎች በተዳፋቱ ላይ ቡናውን፣ እንሰቱንና ትልልቁን ዛፍ አንድ ላይ ያበቀሉበት መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም ዩኔስኮ ላይ ተመዝግቧል፤ የቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮችም እዚያው አካባቢ ናቸው። ዳገቱ ከእስካሁኑ እንደሚብስ ነግረውኛል። ማርሼ ሦስተኛው ላይ ይዘላል፣ መጀመሪያ እሱን ላሠራ። የሚመጣ ካለ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከሐዋሳ እነሳለሁ፤ ቁርስ በልታችሁ ኑ።