ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ መሥራት፦ ከመጀመሪያው እስከ አሁን የተለወጠው

ጅማ ላይ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ ለሚሰፋ ሰው ትልቁ ፈተና እርጥበቱ ነው። ብዙ ጥጥ የተሞላ ብርድ ልብስ ሐምሌ ላይ ከታጠበ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ከዚያ ይሻግታል፣ ሽታውም አይለቅም። ስለዚህ መጀመሪያ የተለወጠው የጥጡ መጠን ነው። 150 በ200 ሳ.ሜ. ለሆነው 2 ኪሎ ይሞላ የነበረው አሁን ከ1 ኪሎ አያልፍም። ለደብረ ብርሃን ያንስ ይሆናል፤ ለጅማ ሌሊት ግን ይበቃል።

ቁርጥራጩ ከመርካቶ ልብስ ሰፊዎች ይገኛል። ችግሩ ጥጡና ሰው ሠራሹ ተደባልቆ መምጣቱ ነው። ጥቂት ክር መዝዞ በክብሪት ማቃጠል ይለየዋል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሹ ቀልጦ እንደ ጠጠር ይደርቃል። ሁለቱ ጎን ለጎን ከተሰፉ ጥጡ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ሌላው ባለበት ይቀራል፣ መጋጠሚያው ይጨማደዳል። ጥጡንም ቢሆን ሳያጥቡ መቁረጥ አይገባም። ቀዩ ለብቻው ይታጠብ፤ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ሲያሹበት ቀለም ከሰጠ ደግሞ ይታጠብ፣ አሁንም ከለቀቀ ይቅር።

አቆራረጡ 14 በ14 ሳ.ሜ. ካሬ ነው፤ 12 ወደ ጎን፣ 16 ወደ ታች፣ በድምሩ 192። በየጎኑ 7.5 ሚ.ሜ. ስፌት ሲበላው እያንዳንዱ 12.5 ሳ.ሜ. ይሆናል። መለኪያውን ከካርቶን መቁረጥ ስህተት ነው፤ ጠርዙ እየተላላጠ ኋላ የሚቆረጡት ካሬዎች ያንሳሉ። ስስ ቆርቆሮ ይሻላል። ካሬው ድርና ማጉን ተከትሎ ይቆረጥ፤ በሰያፍ የተቆረጠ ሲሰፋ ይለጠጣል።

ጀማሪን የሚያስለቅሰው 1 ሚሊ ሜትር ነው። ስፌቱ 7.5 መሆን ሲገባው 8.5 ከሆነ፣ በአንድ መጋጠሚያ ከሁለቱም ጨርቅ 2 ሚ.ሜ. ይጠፋል። አንድ ረድፍ 11 መጋጠሚያ ስላለው ረድፉ 2.2 ሳ.ሜ. ያጥራል፤ ቀጥሎ በትክክል ከተሰፋው ረድፍ ጋር በምንም አይገጥምም፣ ጎትቶ ማጋጠምም ያጣምመዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መርፌው ከሚወጋበት ነጥብ 7.5 ሚ.ሜ. ለክቶ በስፌት መኪናው ብረት ላይ ፕላስተር መለጠፍና ጨርቁን እሱን አስጠግቶ መስፋት። የስፌቱ ርዝመት፣ ማለትም ከአንዱ የመርፌ ውግ እስከሚቀጥለው፣ 2.5 ሚ.ሜ. ይሁን። ከዚያ በካውያ የአንዱ ረድፍ የስፌት ትርፍ ወደ ቀኝ፣ የሚቀጥለው ወደ ግራ ይተኛል፤ ረድፎቹ ሲጋጠሙ ትርፎቹ እርስ በርስ ስለሚያዙ ማዕዘኑ አይሸሽም።

ለገበሩ አቡጀዲ ጥሩ ነው። ገበሩም ጥጡም ከላዩ በየጎኑ 10 ሳ.ሜ. ይተርፉ፣ ማለትም 170 በ220። የአቡጀዲው ስፋት 90 ሳ.ሜ. ከሆነ 4.7 ሜትር ይገዛል፤ ታጥቦ ሲሰበሰብ ሁለት ቁራጭ ሆኖ ይበቃል። የተነደፈው ጥጥ በሁለት ስስ ንብርብር ይነጠፋል፤ አንዱ በቁመት፣ ሌላው በወርድ። በአንድ ንብርብር ከተነጠፈ የሳሳ ቦታ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ብርሃን ላይ ሲሰቀል ነው፣ ያኔ ደግሞ ተሰፍቶ አልቋል።

ሦስቱ ድርብ፣ ማለትም ላዩ፣ ጥጡና ገበሩ፣ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር በየ10 ሳ.ሜ. በረጅም ጊዜያዊ ስፌት ይሸለላል። ይህን መዝለል የሚፈልግ ብዙ ነው፤ ውጤቱ ገበሩ ላይ የታጠፈ ጨርቅ ነው፣ መፍታት ግን ሁለት ቀን ይወስዳል። የመኪናው ስፌትም ከመሃል ይጀምራል። እግሩ ላይኛውን ጨርቅ ወደፊት ስለሚገፋ፣ ከዳር ከተጀመረ ትርፉ መሃል ላይ ይከማቻል። መርፌው 16 ቁጥር፣ የስፌቱ ርዝመት 3.5 ሚ.ሜ.። መስመሩ በመጋጠሚያውም በካሬው መሃልም፣ ወደ ጎንም ወደ ታችም ይሂድ፤ ርቀቱ ወደ 6 ሳ.ሜ. ይመጣል። ከዚያ ከራቀ የተነደፈ ጥጥ በሁለተኛው እጥበት ይጓጉላል።

ጠርዙ 6 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ቅዳጅ ለሁለት ታጥፎ በፊት በኩል በመኪና ይሰፋል፣ ወደ ኋላ ተገልብጦ በእጅ ይዘመዘማል። 7.3 ሜትር ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው እጥበት ለታኅሣሥ ወይም ለጥር ፀሐይ ይቆይ። በአንድ ገመድ ከተሰጣ እርጥቡ ጥጥ በክብደቱ ስፌቱን ይጎትታል፤ 50 ሳ.ሜ. በተራራቁ ሁለት ገመዶች ላይ ይዘርጋ፣ እኩለ ቀን ላይ ይገልበጥ። ሲቀመጥም በፌስታል አይታሰር፤ ከአቡጀዲ የተሰፋ ከረጢት አየር ያስገባል።