ከኪል እስከ ኮሎኝ፦ በእጅ ኳስ ተጫዋቾች መንገድ

ከጀርመኗ ኪል ከተማ የተነሳሁት አርብ ማለዳ ነው። ኮሎኝ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መንገዱ ሐምቡርግንና ብሬመንን አልፎ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል። የፕሮፌሽናል እጅ ኳስ ተጫዋችን ኑሮ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከአዳራሹ በፊት ይህን አውራ ጎዳና ቢያይ ይሻላል። የጀርመን ከፍተኛው የእጅ ኳስ ሊግ ቡንደስሊጋ 18 ክለቦች አሉት፤ እያንዳንዱ 34 ጨዋታ ያደርጋል፣ ግማሹን ከሜዳው ውጪ። ኪል ሰሜን ጫፍ ላይ ስለሆነች ቡድኗ ደቡብ ያለችው ጎፒንገን ለመድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ሊጉ ጃንዋሪ ላይ ሲቆምም ምርጦቹ አያርፉም፤ የወንዶች የዓለም ወይም የአውሮፓ ሻምፒዮና የሚካሄደው ያኔ ነው።

ስለዚህ ማገገም የሚጀመረው አውቶብስ ውስጥ ነው። ተጫዋቹ ከጨዋታው በፊትና በኋላ ይመዘናል፤ ለቀነሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ፈሳሽ፣ ጨው ካለበት ምግብ ጋር፣ ቀስ እያለ ይወስዳል። ከ20 እስከ 40 ግራም ፕሮቲንም ያስፈልገዋል። ጉልበት አጥፎ ለሰዓታት መቀመጥ ዳሌንና የታፋን ጀርባ ስለሚያደርቅ በየሰዓቱ ተነስቶ መንቀሳቀስ አለበት። ይህን ችላ ብሎ በማግስቱ ሙሉ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው የታፋ ጡንቻው ቢሸማቀቅ አይገርምም።

ከሁሉ የከፋው ግን የጉልበት ጅማት መበጠስ ነው። ብዙ ጊዜ ማንም ሳይነካው ይደርሳል፦ ተጫዋቹ ለማታለል በድንገት አቅጣጫ ሲቀይር ወይም ዘሎ ከወረወረ በኋላ በአንድ እግሩ ሲያርፍ ጫማው ወለሉን ይነክሳል፣ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ሰውነቱ ግን መዞሩን ይቀጥላል። መከላከያው ቀላል ስለሆነ የማይሠሩት ቡድኖች ያናድዱኛል። በማሟሟቂያ ላይ 15 ወይም 20 ደቂቃ ሚዛን የመጠበቅ፣ በሁለት እግር የማረፍና የታፋን ጀርባ የማጠንከር ልምምድ ነው፤ የኖርዌይ ተመራማሪዎች በ2005 ባሳተሙት ጥናት በወጣት ተጫዋቾች ላይ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ጉዳትን በእጅጉ ቀንሷል። ጅማቱ ከተበጠሰ በኋላ ከ9 ወር በፊት ለመመለስ መቸኮል ዳግም ጉዳት መጥራት ነው። ወጌሻው የቀን መቁጠሪያውን ብቻ አያይም፤ የተጎዳው እግር ጥንካሬ ቢያንስ የጤነኛውን 90 በመቶ እስኪደርስ ይጠብቃል።

ኮሎኝ ከራይን ወንዝ ማዶ ያለው ላንክሰስ አሬና ወደ 20,000 ተመልካች ይይዛል። የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ የመጨረሻ አራት ክለቦች ከ2010 ጀምሮ የሚገናኙት እዚህ ነው፦ ቅዳሜ ግማሽ ፍጻሜ፣ እሑድ ፍጻሜ። ሁለት የ60 ደቂቃ ጨዋታ በሁለት ቀን ማለት ነው። በማሟሟቂያው ከሩቅ የሚወረውሩት የኋላ ተጫዋቾች ተጣጣፊ ላስቲክ እየጎተቱ የትከሻቸውን ጀርባ ሲያሞቁ አየሁ። ኳሱን በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስፈነጥር ክንድ ማቆሚያም ይፈልጋል፤ የኋለኞቹ ጡንቻዎች ከደከሙ ትከሻው መታመም ይጀምራል።

ፈረንሳዊው ኒኮላ ካራባቲች ከ2005 እስከ 2009 በኪል ተጫውቶ፣ 40 ዓመት ከሞላው በኋላ በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ጫማውን ሰቀለ። ዴንማርካዊው ሚኬል ሀንሰን በዚያው ኦሎምፒክ ወርቅ ወስዶ በ36 ዓመቱ አቆመ። እንዲህ መቆየት ብርቅ ነው። ከግቡ ፊት ባለው የስድስት ሜትር መስመር ላይ ከተከላካዮች ጋር የሚታገለው ፒቮት ጀርባና ጉልበቱ ቀድመው ያልቃሉ፤ ግብ ጠባቂ ግን ልምድ ስለሚያግዘው ከ35 ዓመት በኋላም ሊጠነክር ይችላል።

እሑድ ማታ ተጫዋቾቹ ከአዳራሹ ሲወጡ ጣቶቻቸው ገና ያጣብቁ ነበር። ለኳስ መያዣ የሚቀቡት ሙጫ በውሃ አይለቅም፤ መጀመሪያ በዘይት ማሸት፣ በጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ በሳሙና መታጠብ ነው።