ሁለተኛው ሪስታርት

አዲስ አበባ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አንድ ዕቃ አልነሣ ካለ ተጠያቂው አስቀድሞ ይታወቃል። ፍሪጅም ይሁን ሰርቨር «መብራት ነው ያቃጠለው» ይባልና ጉዳዩ ይዘጋል። ብዙ ጊዜ እውነትም ነው። ስለዚህ በነሐሴ 2015፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለው ቢሯችን መብራት ድርግም ብሎ ከተመለሰ በኋላ አንዷ ሰርቨር ኔትወርኩ ላይ አልታይ ስትል ሌላ ነገር ያሰበ ሰው አልነበረም። የፋይናንስ ኃላፊዋ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ለአዲስ ዩፒኤስ ሦስት ፕሮፎርማ እንዲሰበሰብ አዝዛ ነበር።

ማሽኗ ስትገዛ ለሙከራ ነበር። ለደንበኞች የምንተክላቸው የፋይል ማስቀመጫ ሰርቨሮች ፍሪቢኤስዲ በሚባል ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሠሩ ናቸው። ያኔ የምንጭነው 13.2 እትሙን ነው፤ በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2023 የወጣውን። ይህቺኛዋ ግን «ከረንት» የሚባለውን፣ ገና እየተሠራ ያለውን ቅርንጫፍ ትከተላለች፤ 14 ሲወጣ ምን እንደሚመጣብን ቀድመን እንድናይባት። ከረንትን የያዘ ሰው የምንጭ ኮዱን ጊት በሚባል መሣሪያ እያወረደ ራሱ ኮምፓይል ያደርጋል (ወደሚሠራ ፕሮግራም ይለውጣል)፣ መጀመሪያ ከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ ጭኖ ሪስታርት ያደርጋል፣ ቀሪውን ሲስተም ከዚያ በኋላ ይጭናል። ይህን ሥራ ከእኛ ጋር ሁለት ዓመት ያልሞላው አንድ ወጣት ይዞት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከብዙዎቻችን የበለጠ ጥንቃቄ ያለው ልጅ ነው።

ችግሩ ሰፊ ዲስክ ያለው ማሽን ቢሮ ውስጥ ባዶውን አይቀመጥም። አንዱ «ለጊዜው» ብሎ አንድ ፎልደር ያስቀምጣል፣ ሌላው ያን አይቶ ይከተላል። ስካን የሚያደርጉት ልጆች የአንድ ደንበኛን የድሮ መዛግብት እዚያው መደርደር ከጀመሩ ሰንብተዋል። እንዲህ እንዲህ እያለች የሙከራዋ ማሽን ሳትሾም ባለሥልጣን ሆናለች።

ጠዋቱን በሃርድዌር ፈጀነው። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቷ ይበራል፣ ሌላ ግን የለም። ፓወር ሰፕላዩ ተቀየረ። ራሙ ወጥቶ ጥርሱ በላጲስ ተጠረገ፤ ይህ ሥነ ሥርዓት ሳይፈጸም ኮምፒውተር የሚጠገንበት ቤት እስካሁን አላየሁም። ዲቫይደሩም ጥፋተኛ ተብሎ ተነቀለ። የሕንፃው ኤሌክትሪሽያን መጥቶ «ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ነው የመጣው፣ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ» ሲል ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ስክሪን መሰካት እንዳለብን ትዝ ያለን እኩለ ቀን ላይ ነው። ማሽኗ የራሷ ስክሪን ስለሌላት የሪሴፕሽኑን ለምነን ወሰድን።

ስክሪኑ ላይ የነበረው አጭር መልእክት ነው። የማይደገፍ የዜድኤፍኤስ (ማሽኗ ፋይሎችን ዲስክ ላይ የምታደራጅበት ሲስተም) ፊቸር፣ ማለትም ተጨማሪ ችሎታ፣ አለ ይላል፤ ፊቸሩን በስሙ ይጠራዋል፦ ቪዴቭ ዛፕስ ቪ2። ቀጥሎ ደግሞ ፑሉ አይደገፍም ይላል። ፑል ማለት እዚህ ሁለቱን ዲስኮች አንድ ላይ የያዘው ማከማቻ ነው፤ ሲስተሙም የደንበኛው መዛግብትም እዚያ ውስጥ ናቸው። ኤሌክትሪሽያኑ ከኋላዬ አንብቦ «ያው ዲስኩ ሄዷል ማለት ነው» አለ።

በመሳቢያ የነበረችውን የ13.2 ፍላሽ ሰክተን ከእሷ አስነሣንና ፑሉን ለመክፈት ሞከርን። እሷም እምቢ አለች፤ ያንኑ ስም ጠርታ። ከሥሩ ደግሞ ምን ማድረግ እንደሚቻል ትነግራለች፦ ወይ ይህን ፊቸር በሚያውቅ ሲስተም ክፈቱት፣ ወይ ከባክአፕ እንደገና ሥሩት። በድንጋጤ ጊዜ ሰው የሚያነበው ሁለተኛውን ግማሽ ነው። ሥራ አስኪያጃችን «ባክአፕ አለን አይደል?» ብላ ስትጠይቅ የስካን ክፍሉ ልጆች ወደ መሬት አዩ። የሙከራ ማሽን ባክአፕ ዝርዝር ውስጥ አይገባማ።

ወጣቱ ፊቱ አመድ መስሏል። «ጋሼ፣ ብሎክ ክሎኒንግ ነው የበላን» አለኝ በዝግታ።

ጥርጣሬው ከባዶ የመጣ አልነበረም። በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2023 አዲስ የዜድኤፍኤስ ኮድ ከረንት ውስጥ ሲገባ ብሎክ ክሎኒንግ የሚባል ፊቸር አብሮ መጥቶ ነበር። ፋይል ሲገለበጥ ይዘቱን ሁለት ጊዜ ከመጻፍ ይልቅ አንዱን ብሎክ ሁለቱ ፋይሎች እንዲጋሩት የሚያደርግ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ግን የፋይል ይዘት ማበላሸቱ ተደረሰበትና ማብሪያ ማጥፊያ ተበጅቶለት ጠፋ። በልማት ላይ ባለ ሲስተም ሰው በእውነት ዳታ ሊያጣ ይችላል፤ ልጁም ይህን ስለሚያውቅ ነው የፈራው።

እኔን ግን ያረጋጋኝ መልእክቱ ራሱ ነበር። የሚሞት ዲስክ ስም አይጠራም። ማንበብ አቃተኝ ይላል፣ ይዘገያል፣ ወይ ጭራሽ ይጠፋል። ይሄኛው ግን አንብቦ፣ ያነበበውን ለይቶ «ይህን አላውቀውም» ብሎ የቆመ ፕሮግራም ነው። የጠራው ስምም ብሎክ ክሎኒንግ አይደለም። ደግሞ ብሎክ ክሎኒንግ ድሮ የተጻፈ ፕሮግራም ሳያውቀው እንኳ ለማንበብ ብቻ ፑሉን እንዲከፍት ከሚፈቅዱት ፊቸሮች ወገን ነው፤ ቪዴቭ ዛፕስ ግን አይፈቅድም።

«ዜድፑል አፕግሬድ አድርገህ ነበር?» አልኩት፤ የፑሉን አዳዲስ ፊቸሮች የሚከፍተው ትእዛዝ ነው።

«ሐምሌ መጀመሪያ ላይ። ግን ጋሼ፣ ከዚያ በኋላ ሆን ብዬ ሪስታርት አድርጌያታለሁ። በሰላም ተነሥታለች። ሎጉም አለ።»

ይህ ነው ነገሩን ሁሉ ያወሳሰበው። አፕግሬዱ ጥፋተኛ ከሆነ በመጀመሪያው ሪስታርት መውደቅ ነበረባት። አልወደቀችም። ሳምንታት ሠርታ መብራት በጠፋ ቀን ወደቀች። ኤሌክትሪሽያኑ ይህን ሲሰማ እጁን አጣምሮ ፈገግ አለ፤ በዚያች ሰዓት ክርክሩን ያሸነፈው እሱ ነበር።

የልጁ ላፕቶፕም የሚሠራው በዚያው ከረንት ነበር። የዜድኤፍኤስ ፊቸሮች ማኑዋልን እዚያው ከፍተን ስሙን ፈለግነው። ስለ ቪዴቭ ዛፕስ ቪ2 የተጻፈው ጥቂት መስመር ነው፤ አንዱ መስመር ግን ፊቸሩ ሥራ የሚጀምረው ፑሉ በሚቀጥለው ጊዜ ኢምፖርት ሲደረግ፣ ማለትም ሲስተሙ ለሥራ ሲከፍተው፣ ነው ይላል። ልጁ ጮክ ብሎ አነበበው፣ ቆም አለ፣ ደግሞ አነበበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው ሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። እሱ ከርነሉን ከፑሉ ውስጥ አንብቦ ማምጣት ስላለበት የራሱ ትንሽ የዜድኤፍኤስ ማንበቢያ አለው፤ ይህ ማንበቢያ የሚያውቀው በተሠራበት ዘመን የነበሩትን ፊቸሮች ብቻ ነው። ሐምሌ ላይ አፕግሬዱ ሲደረግ ፊቸሩ ተፈቀደ እንጂ ሥራ አልጀመረም። በመጀመሪያው ሪስታርት ሎደሩ ፑሉን አየ፣ የሚያስፈራው ነገር አላገኘም፣ አሳለፈ። ከርነሉ ተነሥቶ ፑሉን ኢምፖርት ሲያደርግ ፊቸሩ ያኔ ነቃ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማሽኗ የምትኖረው ባለመጥፋቷ ብቻ ነበር። መብራቱ የተዘጋውን በር ገፋ እንጂ አልዘጋውም።

ሎደሩስ ለምን አሮጌ ሆነ? ልጁ ሲስተሙን በየጊዜው ያድስ ነበር፤ በየእድሳቱም አዲስ ሎደር ይጫናል። ሆኖም የሚጫነው ፑሉ ውስጥ ባለው የቡት ፎልደር ነው። ማሽኗ ስትበራ በእውነት የምትጠራው ቅጂ ግን በእያንዳንዱ ዲስክ መጀመሪያ ላይ ባለች ትንሽ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን (ለመነሻ ፕሮግራም የተለየች የዲስክ ክፍል) ውስጥ ተቀምጧል፤ እዚያ ማንም በራሱ ጊዜ አይደርስም። የእኛው ሎደር ማሽኗ መጀመሪያ 13.0 ከተጫነባት፣ በፈረንጆቹ ከ2021 ጀምሮ እዚያው ተኝቶ ነበር።

ልጁን የጠቆመው ማን እንደሆነ ሳይ ነው የገረመኝ። የፑሉን ሁኔታ የሚያሳየው ትእዛዝ ራሱ፣ አንዳንድ ፊቸሮች አልተከፈቱም፣ በዜድፑል አፕግሬድ ክፈታቸው ብሎ ይመክራል። አፕግሬዱ ሲያልቅ ደግሞ የቡት ኮዱን (ያንኑ ሎደር) ማደስ ሊያስፈልግህ ይችላል የሚል መስመር ያወጣል። ልጁ ያቺን መስመር ማየቱን አያስታውስም፤ አልፈርድበትም። የከረንት ከርነል ዊትነስና ኢንቫሪያንትስ የሚባሉ መርማሪዎች ተከፍተውበት ነው የሚመጣው። ማሽኑን ያዘገዩታል፣ የሎክ ቅደም ተከተል ተዛባ እያሉም ኮንሶሉን ይሞሉታል፤ አብዛኛው የሚመለከተው ገንቢዎቹን ነው። ቀኑን ሙሉ ከሚያወራ ማሽን ጋር የዋለ ሰው ዋናውን መስመር እንደ ሌላው ቢያልፈው ምን ይደንቃል?

ከምንጭ ኮዱ ጋር የሚመጣው የእድሳት ማስታወሻ ፋይልም ጉዳዩን በግልጽ ጽፎታል፤ አዲስ የቡት ኮድ አሮጌ ፑል ያነባል፣ አሮጌው ግን አዲሱን አያነብም፣ ስለዚህ ሎደሩ ይቅደም ይላል። ልጁ ያን ፋይል ከእያንዳንዱ እድሳት በፊት ያነብ ነበር። የሚያነበው ግን እንደ ሁላችንም አናቱን ነው፤ በቀን የተደረደሩት አዳዲስ ማስታወቂያዎች ያሉት እዚያ ስለሆነ። የፑሉ ምክር ከታች፣ ማንም ወርዶ በማያየው ቋሚ ክፍል ውስጥ ነው የተጻፈው።

ሌላም መውጫ ያለ መስሎት ነበር። ከእድሳቱ በፊት ቤክትል በሚባል ትእዛዝ የቡት ኢንቫይሮመንት፣ ማለትም የሲስተሙን ቅጂ፣ አስቀምጧል፤ ሲስተም ሲበላሽ ወደ ትናንቱ የሚመልስ ግሩም መሣሪያ ነው። ግን ያ የትናንቱ ሲስተም የተቀመጠው እዚያው ፑል ውስጥ ነው፣ ፑሉን ደግሞ ሎደሩ አልከፍትም ብሏል። የተከፈተ ፊቸርን መልሶ መዝጋትም አይቻልም።

ጥገናው ከምርመራው ጋር ሲተያይ ምንም ነው። አንዱን ዲስክ ፈትተን በዩኤስቢ ገመድ ከልጁ ላፕቶፕ ጋር አገናኘነው። የላፕቶፑ ከርነል ፊቸሩን ስለሚያውቅ ፑሉን ዘረዘረልን፦ አንድ ዲስክ ስለጎደለው የተጓደለ፣ ግን ሊከፈት የሚችል። የስካን ክፍሉ ልጆች መተንፈስ የጀመሩት ያኔ ነው። ልጁ ወዲያው ኢምፖርት ሊያደርገው እጁን ሲሰድ ያዝኩት፤ ፑሉና የራሱ የላፕቶፕ ፑል ስማቸው አንድ ነው፣ ኢንስታለሩ ለሁሉም የሚሰጠው ስም፣ እና ሌላ ጣጣ አያስፈልገንም ነበር። ለሎደሩ ፑሉ መከፈት የለበትም። ትንሿን ፓርቲሽን ብቻ ማውንት አደረግን፣ አሮጌውን ፋይል በሌላ ስም አስቀመጥን፣ ከላፕቶፑ አዲሱን ሎደር በሁለቱም ቦታ ገለበጥን፤ በፍሪቢኤስዲ ፎልደርም፣ ማሽኑ ሌላ ሲያጣ በሚፈልገው በነባሪው ፎልደርም። ሁለተኛውን ዲስክም እንዲሁ። ብዙ ሰው አንዱን አድሶ ሁለተኛውን ይረሳና አንድ ቀን የመጀመሪያው ዲስክ ሲሞት ያው ታሪክ ይደገማል።

ማሽኗ ተነሣች። ልጁ ግን አላመናትም፤ አጥፍቶ አስነሣት፣ ቀጥሎ በአንዱ ዲስክ ብቻ፣ ቀጥሎ በሌላው ብቻ። ሥራ አስኪያጃችን ከበሩ ላይ ቆማ «አሁን ደግሞ ምን ሆና ነው የምታጠፏት?» አለች።

የደንበኛው መዛግብት በዚያው ሳምንት 13.2 ወዳለበት ማሽን ተሻገሩ፤ የሙከራዋም ወደ ሙከራዋ ተመለሰች። ፕሮፎርማው ተሰብስቦ ስለነበር ዩፒኤሱ ተገዛ፤ የአሮጌው ባትሪ አብጦ ስለነበር እኔም አልተቃወምኩም። ኤሌክትሪሽያኑ እስካሁን ቮልቴጁ ነው ይላል።

በፈረንጆቹ ኅዳር 2023 14.0 በይፋ ወጣ። ያ ፊቸርም አብሮት መጣ፤ የደንበኞቻችን ማሽኖች ደግሞ ሁሉም የ13 ዘመን ሎደር የያዙ ናቸው። ልጁ ለቴክኒሻኖቹ የጻፈው የእድሳት ቅደም ተከተል ዜድፑል አፕግሬድን ከዝርዝሩ መጨረሻ አስቀምጦታል፤ ከሱ በፊት የሁለቱም ዲስኮች ሎደር ታድሶ ፎቶ መነሣት አለበት፣ ከሱ በኋላ ደግሞ ደንበኛው ፊት ሁለት ጊዜ ሪስታርት ይደረጋል። አንድ ቴክኒሻን ሁለተኛው ለምን እንደሆነ ሲጠይቀው ልጁ ማኑዋሉን ከፍቶ ያቺን መስመር አሳየው።