ማስታወቂያ ነው ተብሎ የተመለሰው ፊልም

በ2001 ዓ.ም አካባቢ ካዛንቺስ አንድ ዲቪዲ ማከራያ ቤት ተቀጥሬ እሰራ ነበር። ሰው መታወቂያውን አስይዞ ይወስዳል፣ በማግስቱ ይመልሳል፣ ካሳደረ ይቀጣል፣ በቃ ስራው ይሄ ነው። ደንበኛ ፊልም ሚመርጠው ደግሞ በርእስ እንዳይመስላችሁ፣ በከቨር ነው። መሳሪያ የያዘ ሰው ካለበት አክሽን፣ የተቃቀፉ ካሉ ላቭ ስቶሪ። «የጦርነት አለህ?» ብሎ የገባ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር አሳየው ብትሉኝ አይሰማኝም፣ ቀጥ ብሎ ወደዛ መደርደሪያ ነው።

ትሮፒክ ተንደር የመጣልን በዛ ሰሞን ነው። ፊልሙ አሜሪካ ሲኒማ የገባው ነሐሴ 2000 ላይ ነው፣ በነሱ ኦገስት 2008፣ ለኛ ኮፒው እስኪደርስ ግን ትንሽ ወራት ወስዷል። ከቨሩ ላይ ቤን ስቲለር፣ ጃክ ብላክና ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር የወታደር ልብስ ለብሰው መሳሪያ ታጥቀው ኮስተር ብለዋል። ባለቤቱ አየት አደረገውና የጦርነቱ መደርደሪያ ላይ ሰካው።

ከዛ መመለስ ጀመረ። የመጀመሪያው ልጅ ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ቆሞ ነው የጠበቀኝ። «ብራዘር ይሄ ፊልም አይደለም ማስታወቂያ ነው፣ መጀመሪያ አንዱ ራፐር እየጨፈረ መጠጥ ይሸጣል፣ ከዛ አንድ ፊልም ይጀምራል ይቋረጣል፣ ሌላ ይጀምራል ይቋረጣል፣ በመጨረሻ ሁለት መነኮሳት ምን ሲሆኑ እንዳየሁ ታውቃለህ? እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ እኮ ነው!» ብሎ ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ቀጥሎ የወሰደችው ሴትዮም እንደዛው፣ እሷ እንደውም «ልጆቼ ፊት አሳፈራችሁኝ» ብላ ባለቤቱን ልክ ልኩን ነገረችው። ባለቤቱ ኮፒ ሲደረግ ተደራርቦ ነው ብሎ መርካቶ ወዳመጣበት ሰውዬ ሄዶ ተጨቃጭቆ አስቀየረ፣ አዲሱም ሲከፈት ያው ራፐር። ደግሞ ሄደ። ሰውዬው በመጨረሻ «ስንቱን ልቀይርልህ፣ እኔ ጋ ያለው ሁሉ እንደዚ ነው» አለው አሉ።

እኔ እንግዲህ ሰው በሌለበት ሰአት ሱቅ ውስጥ ባለችው ትንሽ ቲቪ ከፍቼ አየሁት። ደንበኞቹ ያሉት በሙሉ እውነት ነው፣ አንድም የጨመሩት የለም፣ ግን ዲስኩ አልተበላሸም፣ ፊልሙ ራሱ እንደዛ ነው ሚጀምረው! አልፓ ቺኖ ሚባል ራፐር የራሱን መጠጥ ያስተዋውቃል፣ ከዛ የፊልም ቅምሻዎች ይመጣሉ፣ ሁሉም የውሸት ናቸው፣ አንዱ ስድስተኛው ክፍል ላይ የደረሰ አክሽን፣ አንዱ ፈስ ብቻ የሆነ ኮሜዲ፣ አንዱ ደግሞ ያ የመነኮሳቱ ነገር ነው ለሽልማት ተብሎ የተሰራ ሚመስለው። ተንኮሉ ምን መሰላችሁ፣ ከፊታቸው የእውነተኛ ስቱዲዮዎችን ምልክት ስላሳዩ ሰው ቢሸወድ አይፈረድበትም። በዛች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ግን ዋናዎቹን ተዋንያን አስተዋውቆን ጨርሷል፣ ማን ገበያው እንደቀዘቀዘ፣ ማን ራሱን እንደሚያመልክ፣ ማን በምን እንደሚሸጥ ገብቶናል።

ከዛ በኋላ ታሪኩ ቀላል ነው። እነዚህ ሰዎች ስለ ቬትናም ጦርነት ትልቅ ፊልም እየሰሩ ነው፣ በአራት ሚሊየን ዶላር የተዘጋጀው ፍንዳታ ካሜራ ሳይቀርጽ ይፈነዳል ምክንያቱም ፈንጂውን ሚያስነሳው ባለሙያ የዳይሬክተሩን የንዴት እጅ ማወናጨፍ ምልክት መስሎት ነው (የትኛውም መስሪያ ቤት ያለ ሰው ነው ይሄ)። ዳይሬክተሩ ግራ ሲገባው ተዋንያኑን እውነተኛ ጫካ ወስዶ ይጥላቸዋል፣ ጫካው ውስጥ ያሉት ግን እውነተኛ የሄሮይን አምራቾች ናቸው።

ስቲለር ሀሳቡ የመጣለት በወጣትነቱ በፈረንጆቹ 1987 በወጣ አንድ የስፒልበርግ የጦርነት ፊልም ላይ ትንሽ ክፍል ሲሰራ ነው ይባላል። ያኔ ተዋናይ ጓደኞቹ ለጦርነት ፊልም ተብሎ ካምፕ ገብተው ይሰለጥኑና ሲወጡ ህይወታችን ተቀየረ እያሉ በቁም ነገር ያወሩ ነበር። ነገሩም ከመሬት ተነስቶ አይደለም፣ በፈረንጆቹ 1986 የወጣው የኦሊቨር ስቶን የቬትናም ፊልም ተዋንያን ዴል ዳይ በሚባል የቀድሞ የማሪን ካፒቴን ፊሊፒንስ ጫካ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው እንዲተኙ ተደርጓል። ከዛ በፊትም ዳይሬክተሩ ኮፖላ አፖካሊፕስ ናው ሚባለውን የቬትናም ፊልሙን እዛው ፊሊፒንስ በፈረንጆቹ 1976 መቅረጽ ሲጀምር አውሎ ነፋስ የሰራውን አፈራርሶበታል፣ ዋናው ተዋናይ ማርቲን ሺን የልብ ድካም ይዞታል፣ ከፊሊፒንሱ ፕሬዝዳንት ከማርቆስ መንግስት የተዋሳቸው ሄሊኮፕተሮች ደግሞ በቀረጻ መሀል አማጺ ለመውጋት ይጠሩ ነበር። ይሄን የሚያውቅ ሰው ትሮፒክ ተንደርን ሲያይ ሆዱን ይዞ ነው ሚስቀው፣ ማያውቀው ደግሞ ቢያንስ በፍንዳታው ይስቃል።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ለባለቤቱ ነገርኩት፣ መጀመሪያ አላመነኝም፣ አስቀምጬ አሳየሁት፣ ራፐሩ ላይ ፊቱን አጨፈገገ መነኮሳቱ ላይ አማተበ፣ ቶም ክሩዝ ላይ ሲደርስ ግን ወንበሩ ላይ ተንፈራፈረ። ወደ ኮሜዲው አዛወርነው፣ በወረቀት ደግሞ «መጀመሪያ ላይ ያለው ማስታወቂያ የፊልሙ አካል ነው፣ ይታገሱ፣ ከቤተሰብ ጋር ባይታይ ይመረጣል» ብዬ ጽፌ በፕላስተር ለጠፍኩበት። ወረቀቷ ከከቨሩ በላይ ሸጠችው። በተለይ ሁለተኛዋ መስመር።

ስለ ቶም ክሩዝ ካነሳሁ፣ መላጣ፣ መነጽራም፣ እጁ ጸጉራም የሆነ ስልክ ላይ ሚሳደብ ፕሮዲውሰር ሆኖ ነው የሰራው፣ ከደንበኞቻችን ግማሹ አላወቀውም። አንድ የታክሲ ረዳት ቶም ክሩዝ አይደለም ብሎ ቢራ ተወራርዶ፣ መጨረሻ ላይ ስሙ ሲወጣ እንኳን «ሌላ ቶም ክሩዝ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ስለ ዳውኒ ግን ጥያቄው ከበድ ይል ነበር፣ አንድ ነጭ ቆዳውን አስጠቁሮ ጥቁር ሳጅን ሆኖ ሲሰራ እንዴት ያስቃል ሚሉ ነበሩ፣ ልክ ናቸው። እኔ ሳየው ሚሾፈው ጥቁር ላይ ሳይሆን ለኦስካር ብሎ ይሄን ሚያደርግ ተዋናይ ላይ ነው፣ ለዛም ነው እውነተኛው ጥቁር ራፐር አጠገቡ ሆኖ በየደቂቃው ሚያፋጥጠው። የሚገርመው ዳውኒ ራሱ ለዚህ ሮል የምር ለኦስካር ታጨ፣ የወሰደው ሂዝ ሌጀር ነው እንጂ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው ላይ የተቀለደው ግን አሜሪካም የአካል ጉዳተኞች ማህበራት ሰልፍ የወጡበት ነው፣ እኔም እዛ ጋ ወደፊት አሳልፈዋለሁ።

በጣም ያስደሰተኝ ደንበኛ ግን አስር አለቃ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ እንደዛ ነው ሚጠራቸው። በ1970 ዓ.ም ካራማራ ላይ የነበሩ ሰው ናቸው፣ የጦርነት ፊልም ሚከራዩት ለመዝናናት ሳይሆን ስህተት ለመልቀም ነው። ዲስክ ሲመልሱ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ከተነሳ ጀምሮ ካዝና ሳይቀይር ይተኩሳል፣ ማነው ሚሞላለት?» ይሉኛል፣ እኔ ምን ልበል፣ «እሱስ ልክ ኖት ጋሼ» ብዬ መታወቂያቸውን እሰጣለሁ። ትሮፒክ ተንደርን ስሰጣቸው ፈርቼ ነበር፣ የተቀለደባቸው እንዳይመስላቸው። በማግስቱ አልመለሱም፣ ይቀጡ ነበር፣ በሶስተኛው ቀን መጡና ቅጣቱን ሳልጠይቃቸው አውጥተው ከፈሉ።

«ያ እጅ የሌለው ሽማግሌ አለ አይደል» አሉኝ። ኒክ ኖልቲ የሰራው ነው፣ በሁለት እጁ ምትክ ብረት ያስገባ የቬትናም ጀግና ተብሎ ፊልሙ የሚሰራው በሱ መጽሐፍ ላይ ነው፣ በኋላ ሲታወቅ እጁም አለ ቬትናምም አልሄደም፣ አሜሪካ የባህር ጠረፍ ጠባቂ ነበር። አስር አለቃ እሱ ጋ ሲደርሱ እየመለሱ አይተውታል። «እዚህ ጠላ ቤቱ ጋ አንድ አለ፣ ካራማራን ከኔ በላይ ያወራል፣ እሱ ያኔ ደብረ ዘይት ሬሽን ሲያድል ነበር። ላሳየው ብዬ ነው ያቆየሁት» አሉ። አሳዩት ወይ ብዬ ስጠይቅ «አየው፣ ሳቀ፣ ስለማን እንደሆነ ግን አልገባውም» ብለው እሳቸውም ሳቁ። ሌላ የወደዱት ያ ማንም ማያውቀውን ወጣት ተዋናይ ነው፣ ከሁሉም ስልጠናውን የወሰደ፣ መጽሐፉን ያነበበ፣ ካርታ ማንበብ ሚችል እሱ ብቻ ነው፣ ስሙን ደግሞ ማንም አያስታውስም። «ሻለቃችን ውስጥ እንደዚ ያለ ልጅ ነበር» ብለው ሌላ ሳይጨምሩ የጦርነቱን መደርደሪያ ማየት ጀመሩ።

ከዛ በኋላ ፊልሙ ተፈላጊ ሆኖ ዲስኩ ተቧጨረ፣ መዝለል ጀመረ፣ ባለቤቱ አዲስ ኮፒ አመጣ። የመርካቶው ሰውዬ ግን በዛ ሁሉ ንዝንዝ ተማሮ ለካ መግቢያውን ቆርጦ አውጥቶታል፣ ቀጥታ ከፍልሚያው ነው ሚጀምረው። አሁን ደግሞ በተቃራኒው፣ ወረቀቷን አንብቦ የተከራየው ሰው «መነኮሳቱ የታሉ?» እያለ መመለስ ጀመረ። ባለቤቱ መርካቶ አልሄድም አለ፣ እኔ የድሮውን ዲስክ በጥርስ ሳሙና አሽቼ፣ በጨርቅ ወልውዬ መልሼ አከራየሁት፣ ጃክ ብላክ ዛፍ ላይ የታሰረበት ቦታ ላይ ትንሽ ይቆማል፣ ፎርዋርድ ስታደርጉት ያልፋል።